ከመዝራት በፊት ዘር ጨውንና ቅዝቃዜን ምን ያህል እንደሚቋቋም በቤት መፈተሽ

በጎጃም የተዘራ በቆሎ ሳስቶ ሲበቅል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በዘሩ ላይ ነው፤ ሆኖም ዘሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የአፈሩ ቅዝቃዜ ወይም በዙሪያው የተጠራቀመ ጨው ሊያስቀረው ይችላል። የአካባቢው ደጋና ወይና ደጋ ዋና የአፈር ችግር አሲዳማነት ነው፤ እንደ አዋሽ ሸለቆ ያለ ጨዋማ መሬት እዚህ እምብዛም አያጋጥምም። ጨው ዘሩን የሚያገኘው ይልቁንም ማዳበሪያ ከዘር ጋር በአንድ ትልም ሲገባ ነው፤ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) በእርጥበት ሲሟሟ የአፈሩን ውኃ ጨዋማ ያደርገዋል፣ ዩሪያ ደግሞ አሞኒያ እየለቀቀ ጉንቁሉን ያቃጥላል።

ጨው በአንድ በኩል ዘሩ ውኃ እንዳይስብ ይይዘዋል፣ በሌላ በኩል የገበታ ጨው የተሠራባቸው ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ውስጥ ገብተው ይመርዙታል። የመጀመሪያው ጉዳት ሊቀለበስ የሚችል ሲሆን ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ለፍተሻው ሳይመርጡ ከከረጢቱ የተለያየ ቦታ ዘር ዘግነው 100፣ 100 እየቆጠሩ በሦስት ሳህን ላይ በተነጠፈ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያስቀምጡ። አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛውን በሊትር 3 ግራም፣ ሦስተኛውን በሊትር 6 ግራም የገበታ ጨው በተሟሟበት ውኃ ያርሱ፤ ሁለቱ የጨው ውኃዎች በቅደም ተከተል 5 እና 10 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ) ገደማ ጨዋማነት አላቸው። ሳህኖቹን በፌስታል ይሸፍኑ፤ ጨርቁ ከደረቀ የሚጨመረው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው ስላልሆነ በጨው ውኃ ላይ የጨው ውኃ መጨመር መጠኑን ሳይታወቅ ያንረዋል።

ለሙቀቱ ተመሳሳይ ሦስት ሳህን አዘጋጅተው አንዱን ወገን ሞቅ ባለ ክፍል፣ ሌላውን ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ጎተራ ያኑሩ፤ ቴርሞሜትር ቢገኝ አጠገቡ ማስቀመጥ ይበጃል። በቆሎ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሞላ ጎደል አይጎነቁልም፤ ከ25 እስከ 30 ባለው ግን ይፈጥናል። ገብስና ስንዴ በ5 ዲግሪም ቢሆን ቀስ ብለው ይበቅላሉ፤ የጮቄ ተራራ ገበሬ በገብስ መጽናቱ፣ በቆጋ መስኖም ሌሊቱ በሚበርድበት በበጋ ስንዴ መዘራቱ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሰሊጥ ግን ሙቀት ፈላጊ ስለሆነ በደጋ ጎተራ የተገኘው ውጤት ለቆላው አያገለግልም።

የመጀመሪያው ቆጠራ በ4ኛው ቀን ነው፤ የመጨረሻው ለበቆሎና ለገብስ በ7ኛው፣ ለስንዴ በ8ኛው ቀን ይደረጋል፤ በቀዝቃዛው ወገን ግን ተጨማሪ ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። በንጹሕ ውኃና በሞቃት ክፍል ብዙው ካልጎነቆለ ጉድለቱ የዘሩ ነው፤ ገብሱ አዲስ የታጨደ ከሆነ ግን እንቅልፉ (ጤነኛ ዘር ለጊዜው የማይበቅልበት ሁኔታ) አልለቀቀው ይሆናልና ወዲያው አይጣል። ከጨው ሳህኖች ያልበቀሉትን በንጹሕ ውኃ አጥበው በአዲስ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይመልሷቸው፤ ከበቀሉ ጨው ያደረገው ውኃ መከልከል ብቻ ነበር፣ ለስልሰው ከሸተቱ ግን ሞተዋል።

ንጹሑ በቅሎ የጨዉ ከቀረ፣ በማሳ ላይ ማዳበሪያውን ከዘሩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ጎንና ወደ ታች አርቆ በአፈር መለየት ይገባል፤ በተለይ ዝናቡ ገና ባልጠናበት ሰሞን፣ አፈሩ ሲደርቅ ጨዉ ስለሚከማች፣ ርቀቱ ሊጠበቅ ይገባል።