በብርድ ወቅት ሰፊ አገር ለማቋረጥ ስትነሱ

ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም እዩ። በየ1000 ሜትሩ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጠዋት ከባሕር ዳርቻ በቲሸርት ተነስታችሁ ከሰዓት ተራራ ላይ በረዶ ቢቀበላችሁ አይግረማችሁ። በረሃውም ቢሆን ማታ ያንቀጠቅጣል።

አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ስስ ልብሶችን መደረብ ይሻላል፣ ሲሞቅ አንዱን አውልቆ መቀጠል ነው። ከውስጥ ሱፍ ይሁን። ጥጥ ላብ ይይዝና ቶሎ አይደርቅም፣ ከዚያ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ካልሲ ላይ ደግሞ አትሰስቱ!

ቀኑ አጭር ነው፣ ረጅሙን መንገድ በጠዋት ጀምሩ። ተራራ የምታቋርጡ ከሆነ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል አንድ ትርፍ ቀን ያዙ። ስልክ በውስጥ ኪስ፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል። መኪናችሁ በረዶ ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ጥረጉ፣ ከተደፈነ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።