ጀርባዎን ለማንም እጅ ከመስጠትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካይሮፕራክቲክ የአከርካሪንና የሌሎች መገጣጠሚያዎችን እንቅስቃሴ በእጅ በማስተካከል ሕመምን የሚያስታግስ ሙያ ነው። ለተለመደው የወገብና የአንገት ሕመም፣ ከአንገት ለሚነሣ ራስ ምታትና ወደ እግር ለሚወርድ አንዳንድ የነርቭ ሕመም ይጠቅማል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው መካከል ሙቀት መያዝ፣ መታሸትና ይኸው የአከርካሪ ማስተካከያ ይገኙበታል። በዋሽንግተን አካባቢ ወገኖቻችንን በዚህ ሙያ ሳገለግል ግን ጥቅሙን የሚያስቀሩ፣ አንዳንዴም ወደ ጉዳት የሚለውጡ ስህተቶች ሲደጋገሙ ስለማይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሕመሙ ምንጭ ሳይታወቅ ጀርባን ማስነካት ነው። ሰዉ ወገቡን ሲያመው በመጀመሪያ «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ዘመድ ያሸዋል፤ ካልተሻለው ወጌሻ ይፈለጋል፤ በመጨረሻ «ያዝ አድርገው ይመልሱልኝ» ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ትኩሳት እንዳለው፣ ክብደቱ እንደቀነሰ፣ ሌሊት ያልበው እንደሆነ የጠየቀው ሰው አይኖርም። ከዓረብ አገር ሥራ የተመለሰች አንዲት ወጣት በዚሁ መንገድ ተመላልሳ ነበር የመጣችው። ሕመሟ ከወገቧ ከፍ ብሎ በጀርባዋ መካከል ነበር፤ ተኝታም አይተዋትም። ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ እህቷ ግን መክሳቷን ያሳበበችው በሥራ ብዛት ነበር። አከርካሪዋን ከላይ ወደ ታች በጣቴ ጫፍ ቀስ እያልኩ ስነካው አንዷ አጥንት ላይ ስደርስ ዘለለች፤ እዚያው ቦታ ላይ በዓይን በግድ የምትታይ ጉብታ ነበረች። ምንም ማስተካከያ አላደረግሁላትም፤ በዕለቱ ወደ ሆስፒታል ላክኋት፤ ምርመራው የአከርካሪ ቲቢ መሆኑን አረጋገጠ። ቲቢ የበላው አጥንት ሲጫኑት ሊደረመስ፣ የሕብለ ሰረሰር ነርቭንም ሊጫንና እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በሽታው ግን በጊዜ ከተደረሰበት ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው አገሮች አንዷ ሆና ሳለ፣ ጀርባውን የታመመ ሐበሻ ስለ ቲቢ ሳይጠየቅ እንዴት በእጅ ይታከማል? ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰውም ብሩሴላ በተባለ ባክቴሪያ ምክንያት ተመሳሳይ ሕመም ሊደርስበት ይችላል። ካንሰር ታክመው ያውቁ እንደሆነ፣ በአስም ወይም በሌላ ምክንያት ስቴሮይድ የተባለውን ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደው እንደሆነ፣ በዕድሜ ገፍተው ከቀላል መውደቅ በኋላ ሕመሙ ጀምሮዎት እንደሆነ ሳይጠይቅ ጀርባዎን ሊነካ የሚነሣ ሰው ካጋጠመዎት፣ ወጌሻም ይሁን ዲግሪ ያለው ባለሙያ፣ ልብስዎን ለብሰው ይውጡ።

ለአንድ ቀን እንኳ ቀጠሮ የማይያዝለት ሁኔታም አለ። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንቱ እንቢ ካለው ወይም ሳያውቀው ካመለጠው፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የአካል ክፍል ሁሉ ከደነዘዘ፣ ሁለቱ እግሮቹ ከደከሙ፣ ከወገብ በታች ያለው የነርቭ ጥቅል ተጨምቆ ሊሆን ስለሚችል የሚሄደው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ቀዶ ሕክምና አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው፤ የዘገየ ሰው ሽንቱን የመቆጣጠር አቅሙ ላይመለስለት ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት የኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ወረቀትን እንደ ፍርድ ማንበብ ነው። ሰዎች ሲዲውንና ወረቀቱን በፌስታል ይዘው ይመጡና «ሁለት ዲስክ ተንሸራቷል» ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚቀመጠው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል መርምሮ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ 37 በመቶ በሚሆኑት፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶ በሚሆኑት የዲስክ መዳከም እንደሚታይ አግኝቷል። ወደ ውጭ ያበጠ ዲስክም በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ነበር። ስለዚህ ምስሉ ትርጉም የሚኖረው ከሕመሙ ጋር ሲገጥም ነው፤ ለምሳሌ ወረቀቱ በአምስተኛው የወገብ አጥንትና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጥቷል ካለ፣ ሕመሙም በጭን ጀርባ ወርዶ ወደ ትንሿ የእግር ጣት ሲደርስ ካገኘሁት፣ ያን ጊዜ ሁለቱ ይስማማሉ። የወጣውን ዲስክ በእጅ ገፍቶ መመለስ የሚችል ሰው የለም። ደግነቱ ሰውነት ራሱ ከወጣው ክፍል ብዙውን ጊዜ አብዛኛውን ያሟሟዋል፤ ብዙ ሰዎችም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። የእጅ ሕክምናው በዚህ መካከል ሕመምን ቀንሶ ሰዉ እንዲንቀሳቀስ ያግዛል። እግሩ እየሰነፈ ሄዶ ተረከዙን መሬት አስነክቶ የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ማንሣት ያቃተው ሰው ግን ለነርቭ ሐኪም ወይም ለቀዶ ሐኪም በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ወገብን ሲያም ለሳምንታት መተኛት ጡንቻን ያደክማል፤ አቅም በፈቀደ መጠን በእግር መሄድ ይሻላል። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ደግሞ ከኋላ ኪሳችሁ የገንዘብ ቦርሳውን አውጡት፤ በየመሐሉም ወርዳችሁ ጥቂት ተራመዱ።

በማስተካከያ ጊዜ የሚሰማው ቋ የሚል ድምፅ «አጥንቱ ገባ» ማለት አይደለም። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የጋዝ አረፋ ሲፈጠር የሚሰማ ድምፅ ነው። ድምፁን ለማግኘት ሲሉ በየሰዓቱ አንገታቸውን የሚጠመዝዙ ወጣቶች፣ ወይም ፀጉር አስተካካዩ ጭንቅላታቸውን ይዞ እንዲያዞርላቸው የሚፈቅዱ ሰዎች ይህን ልማድ ይተዉ። በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮች ግድግዳቸው ሊቀደድ ይችላል፤ ይህ ከስንት አንድ የሚደርስ ቢሆንም የሚያስከትለው ስትሮክ ነው። ከዚህ በፊት አጋጥሞ የማያውቅ ድንገተኛ የአንገት ሕመም ወይም ራስ ምታት፣ ከማዞር፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ከማየት ወይም ከምላስ መተሳሰር ጋር ከመጣ አንገትን ማንም አይንካው፤ አምቡላንስ ይጠራ።

እጅና እግር በደነዘዘ ቁጥር አከርካሪን መውቀስም የተለመደ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ እጅን የሚያራግፍ መደንዘዝ፣ በአውራ ጣት፣ በአመልካችና በመሐል ጣት ላይ ከበረታ፣ ነርቩ የተጫነው አብዛኛውን ጊዜ እጅ አንጓ ላይ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመምተኞችና የታይሮይድ ዕጢያቸው ሥራ የቀነሰ ሰዎች ይበዙበታል፤ ሌሊት አንጓው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚያደርግ ድጋፍ ማሰር ብዙዎችን ያሳርፋል። ሁለቱም እግሮች ከጣቶቻቸው ጀምሮ እኩል የሚያቃጥሉ ከሆነ ደግሞ ጀርባን ከማስነካት በፊት የደም ስኳርንና ቫይታሚን ቢ12ን መመርመር ይገባል፤ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ቢ12 ሊያንሳቸው እንደሚችል ሐኪማቸውን ያስታውሱት። በጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ገትሮ የሚይዝና ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ የወጣቶች የወገብ ሕመምም ሌላ ነው፤ አከርካሪን እያጣበቀ የሚሄድ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል የመገጣጠሚያ ብግነት (የሩማቶሎጂ) ሐኪም ይየው። የተጣበቀ አከርካሪ በኃይል ሲገፋ ይሰበራል።

የደረቀ ትከሻን በኃይል መሳብ ሕመሙን ያባብሰዋል። ያረጀ ጉልበት የሚሻለው የጭን ጡንቻን በማጠንከርና ክብደትን በመቀነስ ነው፤ ማስተካከያ ብቻውን አያድነውም።

የካይሮፕራክቲክን ሙያ እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በሽታ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአከርካሪ መዛነፍ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ዛሬም ይህንኑ እየሰበኩ ደም ግፊትንና ስኳርን በማስተካከያ እናድናለን የሚሉ አሉ፤ እነርሱን ሰምቶ መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። የዓመት ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅንም አይቀበሉ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተመላልሰው ለውጥ ከሌለ ሕመሙ እንደገና መመርመር አለበት።

በመጨረሻ፣ እናቶችን በልጆቻቸው ማስተርጎም ትልቅ ስህተት ነው። እናት ሽንቷን መቆጣጠር እንዳቃታት በወንድ ልጇ አፍ አታስነግርም፤ «ደህና ነኝ በለው» ትለዋለች፤ እኔም አማርኛ በመቻሌ ብቻ ልጁን ከክፍሉ አስወጥቼ ነው እውነቱን የምሰማው። አማርኛ የማይችል ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ ልጅየው ቀጠሮውን ሲያስይዝ የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ከተቻለም ሴት፣ ብሎ ያስመዝግብላት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም የመድኃኒቶቿን ብልቃጦች ሁሉ ይዛ ትሂድ።