የአየር ንብረት ጉባኤ ውጤት ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በየዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ከተያዘለት ቀን ያልፋል፣ ተደራዳሪዎች ሲከራከሩ ያድራሉ፣ በመጨረሻም ሰብሳቢው መዶሻውን ያሳርፋል። ከዚያ ግማሹ ዜና «ታሪካዊ ስምምነት» ይላል፣ ግማሹ «ከሸፈ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰነድ ነው። ሰነዱን ገልጦ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። በዚህ መሃል ደጋግመን የምንሠራቸውን ስህተቶች እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ተስማሙ» የተባለውን ሁሉ እኩል ማየት

ከጉባኤ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ክብደቱ አንድ አይደለም። ከላይ ውሎቹ አሉ፦ የ1992ቱ የማዕቀፍ ስምምነት፣ የ1997ቱ የኪዮቶ ፕሮቶኮልና የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት። እነዚህን አገሮች በየሕጋቸው ያጸድቋቸዋል። ቀጥሎ በየዓመቱ የሚወጡት ውሳኔዎች ይመጣሉ። ከዚያ ደግሞ ከጉባኤው ጎን፣ የፈለገ ብቻ የሚገባባቸው መግለጫዎች አሉ። በ2021 ግላስጎው ላይ የተጀመረው ምድርን የሚያሞቀውን የሚቴን ጋዝ ልቀት በ2030 በ30 በመቶ የመቀነስ ቃል ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ነው። ከመቶ በላይ አገሮች ገብተውበታል፤ ቻይና፣ ሕንድና ሩሲያ ግን የሉበትም። እናም «ዓለም ተስማማ» የሚል ርዕስ ሲመጣ፣ የትኛው ዓለም ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ግሱን ዘሎ ቁጥሩን መያዝ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ነገር የሚሰወረው እዚህ ነውና። አንድ አንቀጽ «ይወስናል» ብሎ ሲጀምርና «ይጋብዛል» ብሎ ሲጀምር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ጥቂት መሪዎች ያረቀቁትን ሰነድ ጉባኤው አላጸደቀውም፤ እንዳየው ብቻ መዘገበና አለፈ።

የፓሪሱ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የመጨረሻው ረቂቅ ሲታደል፣ ያደጉ አገሮች በመላው ኢኮኖሚያቸው ልቀት የመቀነስ ግዴታ እንዳለባቸው የሚናገር ግስ ገብቶበት ተገኘ። አሜሪካኖቹ ደነገጡ። ግዴታ ከሆነ ሴኔቱ ፊት ሊቀርብ ነው፣ እዚያ ደግሞ እንደማያልፍ ያውቃሉ። አዳራሹ ሞልቶ ሲጠባበቅ ከመድረክ ጀርባ ሩጫ ሆነ። በመጨረሻ ግዴታው ወደ «ይገባቸዋል» ለዘበ። ለውጡ ከኮማና ከፊደል እርማቶች ጋር ተቀላቅሎ ቶሎ ቶሎ ተነበበ፣ መዶሻውም ወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ግላስጎው ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የድንጋይ ከሰልን ደረጃ በደረጃ «ማስቀረት» የሚለው፣ በመጨረሻው ሰዓት በሕንድ ጥያቄ «መቀነስ» ሆነ። ሰብሳቢው አሎክ ሻርማ ይቅርታ ሲጠይቁ እንባ ተናነቃቸው። ሁሉም የሚያስታውሰው እንባውን ነው። በእኔ እይታ ከዚያ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው፦ የድንጋይ ከሰል ኃይል እንዲህ በስሙ ተጠርቶ ውሳኔ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዱባይ ላይ ደግሞ በኃይል ዘርፍ ከቅሪተ አካል ነዳጆች (ከድንጋይ ከሰል፣ ከዘይትና ከጋዝ) ስለ «መሸጋገር» ተጻፈ። ነዳጅ እንዲህ እስኪጠራ ድረስ ሦስት አስርት ዓመታት ገደማ ፈጅቷል።

ቃል የተገባን ገንዘብ እንደተከፈለ መቁጠር

ያደጉ አገሮች በ2009 የገቡት ቃል በ2020 ለታዳጊ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ነበር። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ በራሱ ስሌት ቁጥሩ መጀመሪያ የሞላው በ2022 ነው ይላል። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ደግሞስ ምን ተቆጥሮ ሞላ? ከመንግሥታትና ከልማት ባንኮች የመጣው አብዛኛው ብድር ነው። ብድር ይመለሳል። ከአውሎ ነፋስ በኋላ ድልድዩን በብድር የጠገነ አገር፣ ላላመጣው ጥፋት ዕዳ ገባ ማለት ነው።

በ2024 ባኩ ላይ አዲሱ ቁጥር ወጣ፦ በ2035 በዓመት ቢያንስ 300 ቢሊዮን ዶላር ማድረስ። አንዳንዱ ዜና ግን 1.3 ትሪሊዮን ይላል። የትኛው ነው ልክ? ሁለቱም ሰነዱ ላይ አሉ። የ300ው ያደጉ አገሮች «በግንባር ቀደምትነት» ከመንግሥትም ከግልም፣ ከተለያየ ምንጭ የሚያሰባስቡት ነው። የ1.3 ትሪሊዮኑ ደግሞ ሁሉም ወገን አብሮ እንዲሠራበት የቀረበ ጥሪ ነው። የሁሉም የሆነ ዕዳ የማንም አይደለም። የገንዘብ ቁጥር ስታዩ ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ፣ ስጦታ ነው ወይስ ብድር ብላችሁ ጠይቁ። የዋጋ ንረቱንም አትርሱ፤ የ2009ኙ ዶላርና የ2035ቱ ዶላር እኩል አይገዙም።

የአየር ንብረት ለውጥ ለጎዳቸው ታዳጊ አገሮች የተቋቋመው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድም ብዙ ጊዜ «ካሳ» እየተባለ ይጠራል። ካሳ አይደለም። ፓሪስ ላይ ከስምምነቱ ጋር የወጣው ውሳኔ፣ ስለ ጉዳትና ኪሳራ የሚናገረው አንቀጽ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ አስፍሯል። ሀብታሞቹ አገሮች በሩን የዘጉት አውቀው ነው። ፈንዱ በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተወሰነ፣ በ2023 ዱባይ ላይ በመክፈቻው ዕለት ሥራ እንዲጀምር ተፈቀደ፣ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማም ቃል ተገባለት። ቃል መግባት፣ መፈረምና ማስገባት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«1.5 ዲግሪ አለፈ፣ ፓሪስ አበቃ»

2024 ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው የቀን መቁጠሪያ ዓመት ነበር። ያስፈራል። ነገር ግን ሙቀቱ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ የመጣር የፓሪሱ ግብ የሚለካው በአስርት ዓመታት አማካይ እንጂ በአንድ ዓመት አይደለም።

አንድ አገር ላይ ብቻ ጣት መቀሰር

ጉባኤው ድምፅ አይሰጥም። የድምፅ አሰጣጡ ደንብ ከ1995ቱ የመጀመሪያ ጉባኤ ጀምሮ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ስለዚህ ወደ 200 የሚጠጉ አገሮች የሚዋጥላቸው ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው የሚላላው። ደግሞ «የጋራ መግባባት» ራሱ ሰብሳቢው አለ ያለው ነው። በ2010 ካንኩን ላይ ቦሊቪያ አልስማማም ስትል ሜክሲኳዊቷ ሰብሳቢ ፓትሪሲያ ኤስፒኖሳ መዶሻውን አሳርፈው አልፈዋታል።

«ማስገደጃ የለውም፣ ስለዚህ ከንቱ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። የፓሪሱ አፈጻጸም ኮሚቴ አይቀጣም፤ ይህም በውሉ ላይ ተጽፏል። ግን ኪዮቶ ጠንከር ያለ ማስገደጃ ነበረው፣ ካናዳ ደግሞ በ2011 ጥላ መውጣቷን አስታወቀች።

ከዚህ ይልቅ ማየት ያለብን ጽሑፉ በሌላ በር፣ በፍርድ ቤት በኩል፣ ዞሮ ሲመጣ ነው። በ2019 መጨረሻ የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት በ2020 ልቀቱን ከ1990ው በ25 በመቶ እንዲቀንስ የሚያዘውን ፍርድ ሲያጸና፣ ከሳይንሱ ጋር የጉባኤ ውሳኔዎችንም ጠቅሷል። በ2025 ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት ደግሞ፣ አገሮች በፓሪስ ስምምነት መሠረት የሚያቀርቡት ዕቅድ እንዳሻቸው የሚሞሉት ቅጽ አለመሆኑን አስረድቷል። «ያላስገደደ» የተባለ ጽሑፍ ዳኛ ፊት ሲቀርብ እንዲህ ነው።

ጉባኤው ሲዘጋ ዓይንን ማንሳት

ይህኛው ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። ፓሪስ ለማንም አገር ኮታ አልሰጠም። እያንዳንዱ በየአምስት ዓመቱ የራሱን ዕቅድ ያቀርባል፣ አዲሱም ከቀድሞው መሻል አለበት። ለ2035ቱ ዕቅድ የተቀመጠው ቀን ፌብሩዋሪ 10፣ 2025 ነበር። ካሜራ አልነበረም፣ መዶሻም አልነበረም። አብዛኞቹ አገሮች ቀኑን አሳለፉት፤ ወሬውም ብዙ አልተወራም። የአገራችሁ ዕቅድ ሲወጣ ከአሮጌው ጎን አስቀምጡትና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቁጥሩ ጨምሯል ወይ፣ ከየትኛው ዓመት ተነስቶ ነው የሚቆጠረው፣ ምን ያህሉስ «ከውጭ ድጋፍ ከተገኘ» ተብሎ ታስሯል።