ሰው ስትሥሉ መጀመሪያ ላይ የሚገቡ፣ መጨረሻ ላይ የሚታዩ ስህተቶች

የሰው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ነው። ብልሽቱ ዓይን ውስጥ የሚገባው ግን ሽፋሽፍቱ ሁሉ ተሥሎ ካለቀ በኋላ ነው። ጀማሪው ላጲሱን አንስቶ ከንፈሩን ይፍቃል፣ ጥፋቱ ያለው ግን የራስ ቅሉ ላይ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን እዚህ የደረደርናቸው በሚፈጸሙበት ቅደም ተከተል ነው። ብርሃኑ፣ ልብሱና አየሩ የደሴና የኮምቦልቻ ነው።

ወረቀትን ጭን ላይ አስተኝቶ መሣል

ደብተር ጭን ላይ ሲተኛ የላይኛው ጫፍ ከዓይን ይርቃል፣ አጥሮም ይታያል። እጅ ይህን ለማካካስ ሳይታወቀው የላዩን ክፍል ያስረዝማል። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲቆም ግንባሩ የተጎተተ፣ ራሱ የገዘፈ ሰው ሆኖ ይገኛል። 40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ችፑድ አስቆርጡና ወረቀቱን በመቆንጠጫ ያዙበት። ታችኛውን ጠርዝ ጭን ላይ፣ ጀርባውን ደግሞ ፊት ለፊት ባለ ወንበር መደገፊያ ላይ አድርጉት። ወረቀቱ ከዓይናችሁ ፊት ቀጥ ብሎ ከቆመ ሌላ ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም።

ከሞዴሉ አፍንጫ ሥር መቀመጥ

1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው ቆሞ ሙሉ ቁመናውን ለመሣል የቁመቱን 3 እጥፍ፣ ማለትም 5 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። 2 ሜትር ላይ ከተቀመጣችሁ ፊቱን ሽቅብ፣ እግሩን ቁልቁል ታያላችሁ። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት እይታ ይገባና ሰውየው ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። የኪራይ ክፍል 5 ሜትር እንደማይኖረው ግልጽ ነው። ቤት ውስጥ ከወገብ በላይ ሣሉ፣ ሙሉ ቁመናን ለግቢ ተዉት።

ክርን እያጠፉ መለካት

አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ እርሳስን ወደ ሞዴሉ ዘርግቶ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣት መሃል ባለው ርዝመት መለካትን የማያውቅ የለም። ክርኑን እስከ መጨረሻው የሚዘረጋው ግን ጥቂት ነው። እርሳሱ ከዓይናችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሳለ የሞዴሉን ራስ ከአናት እስከ አገጭ ለካችሁ እንበል። ወደ እግሩ ስትወርዱ ክንዳችሁ ላላ ብሎ እርሳሱ 54 ላይ ቢደርስ፣ አውራ ጣታችሁ የያዘው ርዝመት ከቅድሙ የበለጠ አካል ይሸፍናል። ቁመቱ በራሱ ርዝመት ሲለካ 7 ተኩል ራስ መውጣት የነበረበት ሰው 6 ከሦስት አራተኛ ላይ ያልቅባችኋል፣ ተጎጂውም ሁልጊዜ እግር ነው። ክንዱን ዘርጉ፣ ትከሻን ከወንበር መደገፊያ አታላቁ፣ እያንዳንዱን ልኬት ሁለት ጊዜ ውሰዱ።

የቆመ አዋቂ ሰው 7 ወይም 7 ተኩል ራስ ይሆናል፤ የቁመቱ ግማሽ ብሽሽት አካባቢ ላይ ይወድቃል። 8 ራስ የሚባለው ቁመናን ለማሳመር የሚወሰድ ልክ ነው። የ1 ዓመት ሕፃን ደግሞ 4 ራስ ያህል ብቻ ነው፤ ሕፃን አዝላ የቆመች እናት ስትሣል ሕፃኑ የተኮማተረ ትልቅ ሰው የሚመስለው ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ጎፈሬ ወይም ሻሽ ያለበትን ራስ ስትለኩ ከጸጉሩ ጫፍ አትጀምሩ፤ የራስ ቅሉ የት እንደሚያልቅ ገምታችሁ ከዚያ ለኩ።

ፊትን ከዓይን መጀመር

ሰው ፊት ሲያይ ዓይንና አፍ ላይ ነው የሚያርፈው። ግንባርና አናት «ባዶ» ስለሚመስሉት ያሳጥራቸዋል። በዚህ ምክንያት ዓይን ከቦታው ወደ ላይ ይወጣል፣ የራስ ቅሉም ከላይ እንደተቆረጠ ይሆናል። ቀጥ ብሎ በሚያይ ሰው ላይ ዓይን ያለው በአናትና በአገጭ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መሃል የአንድ ዓይን ስፋት ይገባል፣ ጆሮም ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ባለው ቦታ ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ የራሱን እንቁላል ቅርጽና ዘንበል ያለበትን አቅጣጫ በቀላሉ ሣሉ፤ የዓይኑን መስመር ከዚያ አስምሩ። ራስ ወደ ታች ሲያቀረቅር የዓይኑ መስመር ይወርዳል፣ ጆሮም ወደ ላይ ይወጣል፤ ልኩ የሚሠራው ፊት ቀጥ ሲል ብቻ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን ያደገ ሰው ዓይንን አተልቆ መሣሉ አይገርምም። እዚያ ግን ስህተት አይደለም፤ የራሱ ሕግ ነው። ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይታያሉ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ሥዕሎችም በዓይን ልክ አይመዘኑም። ችግር የሚመጣው የዚያን ሕግ ዓይን ከዚህኛው አፍንጫ ጋር አንድ ፊት ላይ ሲያገናኙት ነው።

የተቀመጠን ሰው እንደሚያውቁት መሣል

በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና የምታፈላ ሴት ፊት ለፊት ስትታይ ጭኗ ወደ እናንተ ስለሚመጣ እጅግ ያጥራል፤ አንዳንዴ ከጉልበት እስከ ዳሌ ያለው የራሷን ርዝመት እንኳ አያክልም። «ጭን ረጅም ነው» የሚለው እውቀት እጅን ያስገድደውና ሴትዮዋ ከበርጩማው የተንሸራተተች ትመስላለች። መድኃኒቱ ጭኑን ትቶ በዙሪያው ያለውን ክፍተት መሣል ነው፤ በክንድና በወገብ መሃል ያለውን፣ በጉልበትና በረከቦቱ መሃል ያለውን። ክፍተት በጭንቅላታችን የተቀመጠ ልክ ስለሌለው አያታልልም።

የቡና ሥነ ሥርዓት ለፈጣን ንድፍ የተመቸ ነው። መቁላት፣ መውቀጥና መቅዳት በየራሳቸው ይደጋገማሉ፤ ያመለጣችሁ አቋም ተመልሶ ይመጣል። እስከ አቦል የ30 ሴኮንድ፣ እስከ ቶና የ2 ደቂቃ ንድፍ ሥሩ፤ በረካ ላይ አንዱን መርጣችሁ ቆዩበት። በደሴው ሰኞ ገበያ ውስጥ ለመሣል ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምስሉ እንዲወሰድበት የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ ነጋዴ ተቆጥቶ ሲነሳ ሞዴልም ገበያም ይበተናል።

ብርሃኑን ሳይመርጡ ጥላ መጀመር

በአውሮፓ የተዘጋጁ መማሪያዎች «ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጡ» ይላሉ። እነሱ ዘንድ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በሰሜን መስኮት የቀትር ፀሐይ አይገባም። ደሴና ኮምቦልቻ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታዘነብለው ወደ ሰሜን ነው። ምክሩን እንደወረደ ተቀብሎ ግንቦት ላይ የሰሜን መስኮት ሥር የተቀመጠ ሰው ሞዴሉ ፊት ላይ ፀሐይ ስትራመድ ይውላል። በእነዚያ ወራት የደቡቡን መስኮት ተጠቀሙ፣ ወይም መስኮቱን በነጭ ነጠላ ጋርዱ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰሜኑ ጥሩ ነው።

ውጭ ከሆነ ከጠዋቱ 5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ የዓይን ጉድጓድን ያጠቁራል፣ ከአፍንጫ ሥርም የጺም ያህል ጥላ ይጥላል። ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ያለው የጎን ብርሃን ይሻላል። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የጥላውን ድንበር በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በስሱ አስምሩ፤ ከዚያ ጥላው ቢሄድም አትከተሉት። ክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ብርሃኑ ከየትም ስለሚመጣ ጥላ ይጠፋል። ያን ቀን መስመርና ልኬት ተለማመዱ፤ ከጭንቅላት የፈለቀ ጥላ አትጨምሩ።

ጥላን በጣት ማሸት

ጣት ወዝ አለው። ወዙ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል፣ ላጲስም አያነሳውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ማሸት አጥንቱን ያጠፋል፤ ጉንጭና መንጋጋ ወደ አንድ ጭስ ይቀልጣሉ። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩና ያያችሁትን በ5 ደረጃ ብቻ ክፈሉ፤ ነጩ ወረቀቱ ነው፣ ጥቁሩ 6ቢ የሚባለው ለስላሳና ጥቁር እርሳስ፣ የቀሩት 3 ደግሞ ከእሱ ጠንከር ባለው 2ቢ በተደራረቡ ጭረቶች ይሠራሉ።

የጋቢን እጥፋት ሁሉ መቁጠር

ደሴ ውስጥ ሽማግሌ የሚሥል ሰው ጋቢ ከመሣል አያመልጥም። እጥፋት የሚነሳው ጨርቁ ከተንጠለጠለበት ወይም ከተወጠረበት ነጥብ ነው፤ ከትከሻ፣ ከክርን፣ ከጉልበት። ከእነዚህ የሚነሱትን 4 ወይም 5 ዋና እጥፋቶች ያዙ፣ ሌላውን ዝለሉት።

ከስልክ ፎቶ መኮረጅ

በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ፊት አፍንጫው ያብጣል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። 2 ሜትር ራቁና በ2 እጥፍ አጉሉት። ሥራችሁን ለባልደረቦች በቴሌግራም ለአስተያየት ስትልኩም ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ያዙ። አለዚያ የሚታረመው የካሜራው ጥፋት ይሆናል።

የጠይም ቆዳን በነጭ ማብራት፣ በጥቁር ማጨለም

ቀለም ሲጀመር ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ቡናማ ቀለም ላይ ነጭ ሲጨመር መብራት ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ይጠፋል፤ ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ጥቁር ሲጨመር ደግሞ ጥላው ጥቀርሻ ይሆናል። 2 እጅ በርንት ሲዬና (ቀይ ቡናማ)፣ 1 እጅ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ) እና በብሩሽ ጫፍ አልትራማሪን ሰማያዊ ቀላቅሉ፤ ይህ መነሻችሁ ነው። ለማብራት አስቀድማችሁ ኦከሩን አብዙ፣ ነጭን የመጨረሻው ነጸብራቅ ላይ ብቻ አግቡ። ለማጨለም ሲዬናና አልትራማሪንን እኩል ቀላቅሉ፤ ጥቁር ሊባል የደረሰ፣ ግን ሕይወት ያለው ጨለማ ይሰጣችኋል።

የጠቆረ ቆዳ ነጸብራቅ የብርሃኑን ቀለም ይወስዳል። በመስኮት ብርሃን ግንባርና የጉንጭ አጥንት ላይ ያለው ጸዳል ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጥላው ውስጥ ደግሞ ቀይ ቡናማው ይሞቃል። አምፖል ሥር ተቃራኒው ይታያል። ስለዚህ በመስኮት የጀመራችሁትን ማታ በአምፖል አትጨርሱ።

አቡጀዲን ሳያዘጋጁ ዘይት ቀለም መቀባት

ዘይቱ ጥጡን እያደረቀ ከዓመታት በኋላ እንዲሰባበር ያደርገዋል። አቡጀዲውን አጥባችሁ አኮማትሩት፣ አድርቃችሁ ወጥሩት፣ በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ቀቡት። ሲደርቅ ነጭ የአክሪሊክ መደብ ቀለም 2 ወይም 3 ጊዜ ደርቡ። አክሪሊክ ዘይት ላይ አይደረብም፤ ዘይት ግን አክሪሊክ ላይ ይደረባል። የመጀመሪያው የዘይት ድርብ በቀጭኑ ይቀባ፣ ወፍራሙና ዘይት የበዛበት ከላይ ይሁን፤ ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። አክሪሊክ ወደ 10 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ሥር በደንብ ስለማይያያዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ደሴ ላይ ማለዳ አትቀቡ፤ ቤቱ እስኪሞቅ ጠብቁ። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ቀለሙ ማዋሃጃው ላይ ቶሎ ይደርቃል። የምትፈልጉትን ብቻ ጨምቁና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት።