ምኑን ቻይ? ስለ ቻይነት፣ ትዕግሥትና መቻቻል ስንጽፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ቶለራንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ለማስቀመጥ የተቸገረ ሰው በቃል እጥረት አይደለም የሚቸገረው። ቻይ አለ፣ ታጋሽ አለ፣ ሆደ ሰፊ አለ፣ መቻቻል አለ፣ መቋቋም አለ። ጣጣው አንዱን በሌላው ቦታ መትከል ነው። ዜናው፣ የመድኃኒት ማብራሪያው፣ የዘር ማስታወቂያው ሁሉ ሲሳሳት የሚሳሳተው በአንድ ምክንያት ነው፦ ጸሐፊው «ምኑን?» ብሎ ሳይጠይቅ ይጽፋል።

ቻይን ከታጋሽ ጋር ማምታታት

መቻል ሸክም ይፈልጋል፤ መታገሥ ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ ሦስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ታጋሽ ነው። ጎረቤቱ ሌሊት ሌሊት የሚከፍተውን ሙዚቃ ምንም ሳይል የኖረው ደግሞ ቻይ። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ተረት ስለ ጊዜ ነው። «የታገሠ»ን አውጥተው «የቻለ»ን ያስገቡበትና ይዩት፤ ሚስትየዋ ወዲያው ሸክም ሆና ትገኛለች።

ሁለቱ ሲያበቁም አንድ ዓይነት አይደሉም። ትዕግሥት ያልቃል፣ ይሟጠጣል። ቻይነት ግን አያልቅም፤ ሰውየው «ከዚህ በላይ አልችልም» ይላል እንጂ «ቻይነቴ አለቀ» ሲል አይሰማም። እግረ መንገዳችንን፦ ትዕግሥት ከግእዙ «ተዐገሠ» ስለመጣ በዐይኑ ዕ እና በንጉሡ ሥ ይጻፋል። ሰዎች ስማቸውን እንደፈለጉ ይጻፉ፤ ጽሑፍ ውስጥ ግን ወጥ መሆን አለበት። በኮምፒዩተር ሲለቅሙ ታጋሽን ታጋይ አለማድረግም ያስፈልጋል። የአንድ ፊደል ስህተት ናት፣ ሰውየውን ግን በረሃ ታስገባዋለች።

«ሁሉን ቻይ» ብሎ ሰውን ማመስገን

ቻለ ከግእዙ «ክህለ» የወረደ ነው፤ ክህሎትም ዘመዱ ነው። ስለዚህ ከመሸከም ይልቅ አቅም ቀድሞ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ማለት እከፍላለሁ ማለት ነው። «ራሱን ቻለ» ሲባል ከሰው እጅ ወጣ ነው። «አልችለውም» ደግሞ እንደ አነጋገሩ አላነሣውም፣ አላሸንፈውም ወይም ጠባዩን አልታገሠውም ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ከፊቱ ያለው ስም ነው። ትርጉም ላይ «ከንቲባው ሁሉን ቻይ ናቸው» ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው የፈጣሪን ስም ለከንቲባ ሰጥቷል። «የሁሉንም እምነት ተከታዮች በእኩል ዓይን ያያሉ» ቢል ይበቃው ነበር።

መቻቻልን ለአንድ ሰው መስጠት

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይኼ ነው። መቻቻል እንደ መረዳዳትና እንደ መከባበር የሁለት ወገን ግሥ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይችላል፣ ሌላውም መልሶ ይችለዋል። «መምህሯ ለተማሪዎቿ መቻቻል ታሳያለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ እግሩ የለም። ተማሪዎቹ የሚችሉላት ነገር ከሌለ «የተማሪዎቿን ረብሻ ትችላለች» ወይም «ታጋሽ ናት» ነው የሚባለው። «እሱ በጣም መቻቻል ያለው ሰው ነው» ከማለትም «ሆደ ሰፊ ነው» ማለት ይሻላል። ሆደ ሰፊ፣ ነገር ሆዱ ገብቶ ቦታ የሚያገኝለት ሰው ነው፤ ተቃራኒው ሆደ ባሻ አጠገቡ ስላለ ማንም አይስተውም።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዱ መትቶ ሌላው ተመትቶ እያለ ለሁለቱም «ተቻቻሉ» ቢባሉ፣ ግሡ ሸክሙን እኩል ያካፍላቸዋል። የተመታው ሰው «እሱ ምኔን ነው የቻለኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ጽሑፉ ማን ምን እንዳደረገ መናገር አለበት፤ መቻቻል የሚለው ቃል ያን ይሸፍናል።

የዚሁ ግሥ ልጅ የሆነው «አቻቻለ» ላይም ይሳሳታሉ። «ሥራና ትምህርት አቻችላ ተመረቀች» ማለት ሁለቱን አጣጥማ ያዘች ማለት ነው፤ ከሆደ ሰፊነት ጋር ግንኙነት የለውም።

መቻቻልና መከባበር አንድ ናቸው ብሎ ማለፍ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 የመቻቻል መርሆዎች መግለጫ አጽድቋል፤ ኖቬምበር 16 (በእኛ ኅዳር 7) በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የመቻቻል ቀን ሆኖ የሚታሰበው ከዚያ ተነሥቶ ነው። መግለጫው መቻቻል ለሌላው መለማመጥ፣ ዝቅ አድርጎ ማየት ወይም ዝም ብሎ መፍቀድ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ይህን መጻፍ ያስፈለገው ቃሉ ራሱ ወደዚያ ስለሚጎትት ነው። የላቲኑ ሥር «ቶለራሬ» መሸከም ማለት ነው፤ የእኛም መቻል እንደዚያው። ዐረብኛው «ተሳሙህ» ሥሩ ወደ ቸርነትና ይቅርታ ያደላል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ስም ሚኒስቴር ሲያቋቁሙ ወደ አማርኛ «የመቻቻል ሚኒስቴር» ተብሎ ገባ፤ ቸርነቱ ድንበር ላይ ቀርቶ ሸክሙ ብቻ ተሻገረ ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ የሚደገስ ሠርግ ይታሰብ። ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመድ ባለበት ቤት ከብቱ በየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፣ ወጡ ለየብቻ ይሠራል፣ ሰሃኑም አይደባለቅም። ደጋሹ የሌላውን ሥጋ የሚያሳርደው ለእንግዳው ብሎ እንጂ እንግዳው ከብዶት አይደለም። ይህን «መቻቻል» ብሎ የሚዘግብ ሰው ባለቤቶቹ የማያውቁትን ሸክም ይጭንባቸዋል። መከባበር ወይም አብሮ መኖር ነው ቃሉ። መቻቻል ቦታ የሚያገኘው በእውነት የሚከብድ ነገር ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ የአንዱ ቤተ እምነት የድምፅ ማጉያ የሌላውን እንቅልፍ የሚነሣ ሆኖ ሁለቱም ሰዓት ተነጋግረው ሲያስተካክሉ። ያኔ መቻቻል ማለት ትክክል ነው፤ ሸክሙ ይታያል፣ ስምም አለው።

«ቻይው» ሲባል ምኑን እንደሆነ አለመጠየቅ

«ቻል አድርጊው የኔ ልጅ፣ ትዳር እንዲህ ነው» ትላለች አክስት። ምኑን? ማንኮራፋቱን ከሆነ ምክሩ ምክር ነው። አምሽቶ መግባቱን ከሆነ ያነጋግራል። ጥፊውን ከሆነ ግን የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ጥቃትን ያስቀጣል፤ የሚቻል ነገር አይደለም። አማርኛ ለሦስቱም አንድ ግሥ መስጠቱ አደጋ አለው። «ቻይ ሴት ነበረች» የሚል የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ የሚያርም ሰው እዚህ ጋ እርሳሱን ማቆም አለበት።

ይሉኝታም እዚህ መንደር ይኖራል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ዝም ያለ ሰው ቻይ አይባልም፣ ሆደ ሰፊ ደግሞ ከነጭራሹ። ችሎ ማለፍና ችላ ማለትም የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፦ ችሎ ያለፈው ነገሩ ተሰምቶት ነው፣ ችላ ያለው ግን ጉዳዬም አላለው። ለዘብተኛ የሚለውም የሰውየውን የራሱን አቋም ይገልጻል። አቋሙ ብረት የሆነ ሰው የሌላውን ሐሳብ አክብሮ ሊሰማ ይችላል፤ ለዘብተኛ ሆኖ ተቃራኒውን ማየት የማይወድም ሞልቷል።

ዘርን «ይቋቋማል» ብሎ ማቆም

ወደ እርሻ ስንመጣ አንድ «የሚቋቋም» ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ ዝርያ በሽታውን አያስገባውም። ሌላው በሽታው ይይዘዋል፣ ቅጠሉ ላይም ይታያል፣ ምርቱ ግን ብዙም አይቀንስም። ሁለተኛው ነው ቶለራንት የሚባለው፤ «በሽታው ቢይዘውም ምርቱን የማይጥል» ተብሎ ቢጻፍ ገበሬው ቅጠሉ ላይ ዋግ የተባለውን በሽታ ሲያይ ተታለልኩ አይልም። ማሳው የበሽታ መራቢያ ሆኖ ለጎረቤት እንደሚተርፍም ይገባዋል።

ምኑን እንደሚቋቋም መጻፍ ደግሞ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ሲመታው፣ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ ባሌና አርሲ ውስጥ ዲገሉን የጣለው የግንድ ዋግ ነው፤ ሌላ በሽታ። «ዋግ የሚቋቋም ዘር» የሚለው ሐረግ ይህን ልዩነት አይናገርም።

ለአየርና ለአፈር ግን መቻል ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ጤፍ ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር ይችላል፣ ማሽላ ድርቅ ይችላል።

ሕክምና ላይ መላመድን ያለ ባለቤት መጻፍ

ለሕመም ማስታገሻ ሞርፊን የሚወስድ ሰው ከጊዜ በኋላ ያው መጠን አልሠራ ሊለው ይችላል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ተላመደው ይባላል፤ ይህ ከሱስ የተለየ ነው። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ሲባል ደግሞ የተላመደው ባክቴሪያው ነው፣ በሽተኛው አይደለም። ማብራሪያው «መድኃኒቱ ተላምዷል» ብሎ ካለፈ አንባቢው ሱሰኛ ሆንኩ ብሎ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ማቋረጥ ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ ከሚከፍቱት ነገሮች ዋናው ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ባለቤቱ ይጻፍ፦ ሰውነት ወይስ ባክቴሪያ።

የምግቡ ደግሞ ቀላል ነበር፣ ተርጓሚዎች አከበዱት። «የላክቶስ አለመቻቻል» የሚል ጽሑፍ ያጋጥማል፤ ከወተት ጋር ተጣልቶ ሽማግሌ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ሰው የሚለው «ወተት አይስማማኝም» ነው። አንጀት የወተቱን ስኳር የሚፈጨውን ላክቴዝ በበቂ ሲያጣ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ እርጎ ግን ሲረጋ ስኳሩ ስለሚቀንስ ለብዙዎቹ ይሻላቸዋል። አለርጂ ሌላ ነው። እሱ የሰውነት መከላከያ ለወተቱ ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ በመሆኑ እርጎም አያድነውም። «አይስማማኝም»ን ለሁለቱም ማዋል ለአስተናጋጅ ይበቃል፣ ለሐኪም አይበቃም።

ልኬትን ማቻቻል

የዕቃ መግለጫ ላይ «መቻቻል፦ 5%» የሚል ካነበቡ ማሽን የተረጎመው ነው። የሚፈቀድ የልኬት ልዩነት ማለት ነው። ቀይ፣ ቀይ፣ ቡኒ፣ ወርቃማ ቀለበት ያለው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) 220 ኦም ነው፤ ወርቃማው 5% ስለሚፈቅድ ከ209 እስከ 231 ኦም ቢያነብ ጤነኛ ነው። ብርማ ቢሆን ኖሮ ፈቃዱ 10% ይሆን ነበር። የኮምፒዩተሩ «ፎልት ቶለራንት»ም «ስህተት ቻይ» አይባልም፤ አንድ ክፍሉ ሲበላሽ ሥራ የማያቆም ይባል።

«ዜሮ ቶለራንስ» ላይ «ዜሮ መቻቻል» ብሎ መጻፍ ደግሞ እርስ በርስ አንስማማም ብሎ እንደ መፎከር ነው። አማርኛ ለዚህ ቃል ካገኘ ቆይቷል፦ «ሙስናን አንታገሥም»።