ጉግል ክላስሩም ላይ የተማሪዎች ሥራ እንዳይደባለቅ
ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ ለምታስተምሩ መምህራን፦ ጉግል ክላስሩም (ሥራ በኢንተርኔት የሚሰጥበትና የሚሰበሰብበት መተግበሪያ) ላይ አንድ የመልመጃ ሰነድ ለ60 ተማሪ «ማረም ይችላሉ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ ሁሉም የሚጽፈው እዚያው አንዱ ላይ ነው፤ አንዱ የሞላውን ሌላው ይሰርዘዋል።

ፋይሉን ካያያዛችሁ በኋላ አጠገቡ ያለውን ምርጫ ከፍታችሁ «ሜክ ኤ ኮፒ ፎር ኢች ስቱደንት» በሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙ ርዕሱ ላይ የተጨመረበት የራሱ ቅጂ ይደርሰዋል። እናንተም ገና እየጻፈ ሳለ ገብታችሁ ማየትና አስተያየት መስጠት ትችላላችሁ። ልብ በሉ፣ ይህ የሚመረጠው ከመለጠፋችሁ በፊት ብቻ ነው። ካለፈ ሥራውን ሰርዞ እንደ አዲስ መለጠፍ ግድ ነው፤ ልጆቹ ጀምረው ከሆነ ያስቆጫል።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት፦ መስመር ባለበት ሰዓት ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ ቅጂያቸውን በጉግል ዶክስ (በሰነድ መጻፊያው መተግበሪያ) ከፍተው ከሦስቱ ነጥቦች ገብተው «ሜክ አቬይለብል ኦፍላይን» ይበሉት። ያለ ኢንተርኔት የጻፉት መስመር ሲመለስ ራሱ ይገባል። ማስረከቡ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀነ ገደቡን ከእሑድ ይልቅ ሰኞ ማታ አድርጉት፣ ስንቅ ሊያመጣ ገጠር የወረደው ልጅ እንዳይቀጣ።

ለቡድን ሥራ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቅጂ የሚሰጠውን ምርጫ አትጠቀሙ። ለየቡድኑ አንድ ሰነድ አዘጋጁና አባላቱን ብቻ መርጣችሁ «ማረም ይችላሉ» ብላችሁ ላኩ።