ስካን የተደረገ ፎቶ ፊቱ ሲቆራረስ

መስታወቱን ወልውላችኋል፣ ፎቶውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጣችኋል ብዬ ልጀምር። ጅማ ውስጥ ፎቶ ስካን ሳደርግ በብዛት የሚገጥመኝ ጣጣ ከማሽኑ አይደለም። ሴቭ ሲደረግ የሚመጣ ነው።

ፊት ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ

ይሄ የዘወትር ደንበኛዬ ነው። ጄፔግ፣ ፎቶ አሳንሶ የሚያስቀምጠው የተለመደው የፋይል ዓይነት፣ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል (የምስል ነጥብ) እየቆረጠ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ረቂቁን ነገር ይጥላል። ብዙ ካስጣላችሁት የቁራጮቹ ጠርዝ ይወጣል። መጀመሪያ የሚጎዳው ለስላሳ ቦታ ነው፤ ጉንጭ፣ ሰማይ፣ የተቀባ ግድግዳ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ፍላሽ ይዘው መጡ። አባታቸው ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆመው የተነሱት ነው። አሳድጌ ፍሬም እንዳስገባላቸው ፈልገዋል። ከፈትኩት። የሰገነቱ እንጨት ደህና ነው። የአባት ጉንጭ ግን እንደ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ተደርድሯል።

«ዋናው ፎቶስ፣ እናቴ?»

«አልበሙ ውስጥ እርጥበት በላው ልጄ። ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ቀረ።»

የጅማን ዝናብ ለምታውቁ አይገርማችሁም። ታሪኩን ስጠይቅ ፎቶ ቤቱ በጄፔግ ሰጥቷቸዋል። የእህት ልጅ ብርሃን ጨምሮ ሴቭ አደረገ። ወንድም ጠርዙን ቆርጦ ሴቭ አደረገ። ሌላው ደግሞ አዙሮ። በእያንዳንዱ ሴቭ የሆነ ነገር ይጠፋል። ከፍቶ ማየት ምንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው እንደገና ሴቭ ማድረግ ነው። «እንግዲያው አንተ በ100 አድርግልኝ» አሉኝ። ጄፔግ ሴቭ ሲደረግ የሚመረጠውን፣ ከ100 የሚቆጠረውን ጥራት (ኳሊቲ) ማለታቸው ነው። የፈሰሰ ውኃ ነው። 100 ቢሉት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ጉንጩ አይመለስም።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ በቲፍ፣ እንደ ጄፔግ ረቂቁን በማይጥለው የፋይል ዓይነት፣ ስካን አድርጉ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) 25 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዛ ካላችሁ ኤል ዜድ ደብሊው (LZW) የሚለውን ማሳነሻ ምረጡ፤ ምንም ሳይጥል ይቀንሳል። ያንን አስቀምጡት፣ አትንኩት። የሚታረመውን ሁሉ ኮፒው ላይ ጨርሱና በመጨረሻ አንዴ ብቻ ጄፔግ አውጡ። ለህትመት ከ90 እስከ 95፣ ለስልክ 85 ይበቃል። ከ40 በታች የምታወርዱ ፎቶ ቤቶች፣ ፍላሽ እንዲህ በረከሰበት ዘመን ለማን ነው የምትቆጥቡት?

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ፎቶው ግን አመድ ሆኗል

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ፎቶሾፕ ለምዷል። እዚያ መለኪያው 12 ላይ ያልቃል፤ 10 ማለት ጥሩ ነው። አንድ ቀን ጂምፕ በሚባለው ሌላ የፎቶ ማረሚያ ሲሠራ ያንኑ 10 ጻፈ። እዚህ ግን ከ100 ነው። አንድ ሙሉ የሠርግ አልበም በ10 ሴቭ ተደርጎ አገኘሁት! ቲፉ ባይኖር እንደገና ስካን ነበር።

ሌላ ወጥመድ፦ አንዳንድ የስካነር ፕሮግራም የሚጠይቃችሁ ኳሊቲ ሳይሆን ኮምፕሬሽን (ምን ያህል ይጨመቅ) ነው። እዚያ ከፍ ማድረግ ማለት ማበላሸት ነው። ቃሉን አንብቡ። ደግሜ እላለሁ፣ አንብቡ።

የጥለቱ ቀይ ወደ ነጩ ይፈሳል

ጄፔግ ቀለምን ከብርሃን ለይቶ፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙን በቁመትም በወርድም በግማሽ ያሳንሳል። በሰው ፊት ላይ ብዙም አይታወቅም። ነጠላ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ጥለት ግን የታጠበ ይመስላል። ጂምፕ ላይ ቀለሙን የሚያሳንሰውን 4፡2፡0 ወደማያሳንሰው 4፡4፡4 ቀይሩ።

በቴሌግራም የተላከው ሲታተም ይደበዝዛል

«ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ረጅሙ ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። በ300 ዲፒአይ ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። «ፋይል» ብላችሁ ላኩ።

አልፎ አልፎ የሚገጥም

ምስሉ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ነጠብጣብ ካለ የድሮው ወረቀት ራሱ ሸካራ ነው፤ ኮምፕሬሽኑን አትውቀሱ።

ፒኤንጂ የሚባለው የፋይል ዓይነት አይጎዳም፣ ለፎቶ ግን ከጄፔግ በጣም ይከብዳል።

ግማሹ ግራጫ ሆኖ ከቀረ ፍላሹን ሳይጨርስ ነቅላችሁታል፣ ወይ መብራት ሄዶባችኋል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ ኮፒ። ደንበኛው ከመሄዱ በፊትም ከፍላሹ ላይ ከፍታችሁ አሳዩት።